መዝሙሩ በስፓኒሽ የተዘመረበት ምሽት፤ የዶጀርስ ስታዲየምና የኢሚግሬሽኑ አፈሳ

ዘፌርፋክስ (ክሩን የከፈተ)፦

ሎስ አንጀለስ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቤዝቦልን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማየው እንደ ቅጣት ነበር፤ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብሎ አንድ ምት መጠበቅ በእግር ኳስ ላደገ ሰው ቀላል አይደለም። ስታዲየሙን ያስለመደችኝ እዚሁ የተወለደችው ልጄ ናት። ጁን 14 ቀን 2025 ቅዳሜ ምሽት (ቀኖቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የከተማችን የቤዝቦል ቡድን ዶጀርስ ከሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ጋር ሲጫወት አብረን ነበርን። ከዚያ ወዲህ በውስጤ የሚመላለሰውን ነገር እዚህ ላቀርብ እያሰብኩ ስተወው ቆይቼ ዛሬ ቆረጥኩ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ነው። ጁን 6 ቀን ዓርብ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች፣ እዚህ ሁሉም ሰው «አይስ» የሚላቸው፣ በመሀል ከተማ አንድ የልብስ መጋዘንና የቀን ሠራተኞች ቆመው ሥራ የሚጠብቁበትን የሆም ዲፖ (የግንባታ ዕቃ መደብር) ግቢ ገብተው ሰዎች ወሰዱ። በማግስቱ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የካሊፎርኒያ ገዥ እየተቃወሙ ናሽናል ጋርድ የሚባለውን ተጠባባቂ ጦር አዘዙ፤ የተመደበው ቁጥር ወደ 4,000 ወታደር ደረሰ፣ 700 ማሪኖችም ተጨመሩ። በሰፈሬ ማንጎና ሐብሐብ በጋሪ የምትሸጥ አንዲት እናት አለች። ማንጎው ላይ ሎሚ ጨምቃ በርበሬ ትነሰንስበታለች፤ ልጄ «የሜክሲኮ ሚጥሚጣ» ነው የምትለው። በዚያ ሳምንት ባለ ብዙ ቀለሙ ጃንጥላዋ ከማዕዘኑ ጠፋ።

ቅዳሜ ምሽት ኔዛ የምትባል የዶሚኒካን ዝርያ ያላት ድምፃዊ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ቲሸርት ለብሳ ሜዳው ላይ ቆመችና የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በስፓኒሽ ዘመረች። ከመዝሙሩ በፊት አንድ የቡድኑ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ እንዲሆን ነግሯት እንደነበር ያወቅነው በኋላ ራሷ ከለቀቀችው ቪዲዮ ነው። ከፊታችን፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር በስፓኒሽ ሲጨዋወቱ የነበሩና 34 ቁጥር ማሊያ የለበሱ ሽማግሌ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመው ነበር። የመጀመሪያው ስንኝ ሲወጣ ጣቶቻቸው ሲጠብቁና የኮፍያው ጠርዝ እጥፍ ሲል አየሁ። ከንፈራቸው ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ግጥሙን በዚያ ቋንቋ እንደማያውቁት ያስታውቃል።

ልጄ «ትክክል ናት» አለች። እኔ መልስ አልነበረኝም። እናንተ ምን ትላላችሁ? ዘፋኟስ፣ ቡድኑስ?

ተመልካች ከቨርጂኒያ፦

ወንድሜ ዘፌርፋክስ፣ ጽሑፍዎን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ከልጅዎ ጋር አልስማማም። ለሰርግ የተጠራ ድምፃዊ የሙሽራው ቤተሰብ «ይህን ዝፈንልን» ብሎት እያለ ማይኩን ከጨበጠ በኋላ የራሱን ምርጫ ቢያዜም፣ ዜማው የቱንም ያህል ቢያምር ጨዋነት አይባልም። ቡድኑ አስተናጋጅ ነው፣ እሷ እንግዳ ናት፤ በዚያ ላይ ሰው ስታዲየም የሚሄደው ለሦስት ሰዓት ከዜና ለማረፍ ነው። እኔ ባለቤቴን ለማምጣት ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ፎርም ሞልቼ፣ አሻራ ሰጥቼ፣ የተጠየቅሁትን ሁሉ ከፍዬ። ሕግ ይከበር ማለት በዚህ ዘመን እንደ ጭካኔ መቆጠሩ ያሳዝነኛል።

መዝገብ ገላጭ፦

በታሪኩ ላይ ጥቂት ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያ ግጥም እዚያው የተተረጎመ ወይም ከተቃውሞ ሰልፍ የመጣ ይመስለዋል። ግጥሙን ያስጻፈው የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ነው። በ1945 የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከላቲን አሜሪካ ጋር «መልካም ጉርብትና» በሚሉት ፖሊሲ መንፈስ፣ መዝሙሩ በዋናው ዜማ ሊዘመር በሚችል ስፓኒሽ እንዲተረጎም ውድድር አወጣ። ያሸነፈችው ክሎቲልዴ አሪያስ ከፔሩዋ ኢኪቶስ በ1923 ወደ ኒው ዮርክ የመጣች ስደተኛ ነበረች። ረቂቋን የስሚዝሶንያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም በ2012 ለሕዝብ አሳይቶታል። ስለዚህ ኔዛ የዘመረችው ዋሽንግተን የከፈለበትን ትርጉም ነው። ሽማግሌው ግጥሙን አለማወቃቸውም አይገርምም፤ ያ ትርጉም ብዙውን ዕድሜውን ያሳለፈው መደርደሪያ ላይ ነው።

ቁጣው የቋንቋ ብቻ ነው ብላችሁም እንዳታስቡ። በ1968 የፖርቶ ሪኮ ተወላጁ ዓይነ ስውር ጊታሪስት ሆሴ ፌሊሲያኖ በዲትሮይት በወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም በቤዝቦሉ የፍጻሜ ዋንጫ ግጥሚያ፣ አምስተኛ ጨዋታ ላይ መዝሙሩን በእንግሊዝኛ፣ ግን በራሱ ስልት ዘመረው። ቃሉ አልተነካም፣ አዘማመሩ ብቻ ነው የተለየው። ያ እንኳ ሕዝብ አስቆጥቶ ዘፈኖቹን ከአየር ያወረዱ ሬዲዮ ጣቢያዎች ነበሩ።

ማርች 1 ቀን 2025 እንግሊዝኛ የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ እንዲሆን ፕሬዚዳንቱ መፈረማቸውን የሚያነሳ ሰው እንደሚመጣ እገምታለሁ። ትእዛዙ የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ነው፤ እነሱንም ቢሆን በሌላ ቋንቋ እንዳታገለግሉ አይልም። የግል ስታዲየም ውስጥ ማን በምን ቋንቋ ይዘምር የሚለው ከዚያ ውጭ ነው።

አዲስ ገብ፦

ከዱባይ ነው የምጽፈው፣ ቤዝቦል አይቼ አላውቅም። 34 ቁጥር የማን ነው? ደግሞስ አንድ የኳስ ቡድን ከስደተኛ ጋር ይህን ያህል የሚያገናኘው ምንድን ነው?

ዘፌርፋክስ፦

አዲስ ገብ፣ ጥያቄዎ የነገሩ ሥር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። 34 ቁጥር የፈርናንዶ ቫሌንዙዌላ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ በሶኖራ ግዛት ኤቾዋኪላ ከምትባል ትንሽ መንደር፣ ከአሥራ ሁለት ልጆች የመጨረሻው ሆኖ የተወለደ ገበሬ ልጅ። በ1981 የውድድር ዘመኑ ሲከፈት ለተጋጣሚው መቺ ኳስ ይወረውራል የተባለው ተጨዋች ተጎድቶ እሱ ተተካ፤ ዕድሜው ሃያ ዓመት ነበር፣ እንግሊዝኛ አይናገርም፣ ቦርጩ የስፖርተኛ አይመስልም፣ ኳሱን ከመልቀቁ በፊት ዓይኑን ወደ ሰማይ ያነሳል። የጀመራቸውን የመጀመሪያ ስምንት ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ፤ በአምስቱ ተጋጣሚው አንድ ነጥብ እንኳ አላገኘም። በዚያው ዓመት የምርጥ ጀማሪንም የምርጥ ወርዋሪንም ሽልማት አንድ ላይ ወሰደ፣ ቡድኑም ያንኪስን አሸንፎ የወርልድ ሲሪስን ዋንጫ አነሳ።

ከዚያ በፊት ብዙ ሜክሲኮዎች ያንን ስታዲየም አኩርፈውት ነበር (ለምን እንደሆነ ሌላ ሰው ይጽፈዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ)። ፈርናንዶ ነው ያስታረቃቸው። ጋዜጠኛ ሲጠይቀው የሚያስተረጉምለት ሃይሜ ሃሪን ነበር፤ ከኤኳዶር የመጣ፣ ከ1959 እስከ 2022 የዶጀርስን ጨዋታ በስፓኒሽ ያስተላለፈ ሰው። በየኩሽናው፣ በየመኪና ማጠቢያው፣ በየልብስ ፋብሪካው ሬዲዮ ላይ የነበረው ድምፅ የእሱ ነው። እኔ ራሴ መጀመሪያ በተቀጠርኩበት ምግብ ቤት ዕቃ ሳጥብ ስፓኒሽ ሳልሰማ ጨዋታውን ከሃሪን ድምፅ መውጣትና መውረድ እከታተል ነበር። ፈርናንዶ በኦክቶበር 2024 አረፈ። ያ ማሊያ ለእነዚያ ሽማግሌ ልብስ ብቻ አልነበረም ማለቴ ነው።

የቦይል ሃይትሷ፦

ወንድሜ ዘፌርፋክስ፣ ፈርናንዶን ካነሱ መሬቱንም ያንሱ። ስታዲየሙ የተሠራበት ኮረብታ ቻቬዝ ራቪን ይባል ነበር፤ ፓሎ ቬርዴ፣ ላ ሎማና ቢሾፕ የሚባሉ ሦስት የሜክሲኮዎች ሰፈሮች ነበሩበት። ሜይ 8 ቀን 1959 የመጨረሻዎቹን ነዋሪዎች ፖሊስ እጅና እግራቸውን ይዞ ከቤታቸው ሲያወጣቸው ካሜራ እያነሳ ነበር፤ አንዲት ሴት አራት ሰው ተሸክሟት የምትወርድበትን ፎቶ ያየ አይረሳውም። ቤቶቹም ወዲያው በዶዘር ፈረሱ። ሕዝቡን አፈናቅሎ ስታዲየም የሠራ ቡድን፣ ያንኑ ሕዝብ አርባ ዓመት ትኬት ሲሸጥለት የኖረ ቡድን፣ አሁን የልጅ ልጆቹ ሲታፈሱ መዝሙር በስፓኒሽ አይሁን ይላል። በምሠራበት ክሊኒክ በዚያ ሰሞን የስኳር ሕመምተኞቻችን ከቤት መውጣት ፈርተው ቀጠሮ ይሰርዙ ነበር፤ አንዷ ኢንሱሊኗን ጎረቤቷ እንዲወስድላት ለመነችን። በዚያው ሳምንት ቡድኑ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተናገረም። በኤፕሪል ግን ዋይት ሀውስ ሄዶ ፎቶ ተነሥቷል።

መዝገብ ገላጭ፦

እህቴ የቦይል ሃይትሷ፣ ቁጣዎን እጋራለሁ፤ አንድ ነገር ግን መስተካከል አለበት። አብዛኛውን ሰው ያስነሣው ቡድኑ አልነበረም። ከተማው በ1950 ለነዋሪዎቹ ደብዳቤ የላከው የሕዝብ መኖሪያ ቤቶች ሊሠራ ነው፤ ሲጠናቀቅም ቅድሚያ ለእናንተ ነው ብሎ ቃል ገብቶላቸው ነበር። አብዛኞቹ ሸጠው ወጡ። ከዚያ የቤቶቹ ፕሮጀክት «የኮሚኒስት ሥራ ነው» ተብሎ ተወገዘ፣ በ1953 የተመረጡት ከንቲባ ሰረዙት፣ መሬቱም ባዶውን ቀረ። ዶጀርስ ከብሩክሊን የመጣው በ1958 ነው፤ በዚያው ዓመት ስምምነቱ በሕዝብ ድምፅ በጠባብ ልዩነት ጸደቀ፤ ስታዲየሙ በኤፕሪል 1962 ተከፈተ። በ1959 በጉልበት የወጡት እስከ መጨረሻው እምቢ ያሉት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። ይህን የምጽፈው ቡድኑን ነፃ ለማውጣት አይደለም፤ መሬቱን በምን ሁኔታ እንደተረከበ ያውቅ ነበር። ነገር ግን ቃሉን ያጠፈውን አካል በስሙ መጥራት ይገባል፤ እሱም ከተማው ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦

ቡድኑ አንድ ቃል አልተናገረም ለሚለው፣ ቅደም ተከተሉን ላስቀምጥ። በመጀመሪያ የተናገረው ተጨዋቹ ኪኬ ኤርናንዴዝ ነው፤ የሳን ሁዋን ፖርቶ ሪኮ ልጅ፣ በትውልድ የአሜሪካ ዜጋ ነውና ከአገር የሚያስወጣው የለም፤ ግን ማኅበረሰባችን ሲገፋና ሲዋከብ ማየት አልቻልኩም ብሎ ኢንስታግራም ላይ ጻፈ። ጁን 19 ቀን ጠዋት የፌዴራል ፖሊሶች በስታዲየሙ በር ታዩ። ቡድኑ «አይሶች ፓርኪንጋችን ውስጥ ለመግባት ጠየቁ፣ ከለከልናቸው» አለ። አይስ «ውሸት ነው፣ እዚያ አልነበርንም» አለ። የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደግሞ የድንበር ጥበቃ መኪኖች ለጥቂት ጊዜ ቆመው ነበር አለ። ሦስቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው ቢያንስ መኪኖች እንደነበሩ ይረዳል። በማግስቱ ቡድኑ ለተጎዱ ስደተኛ ቤተሰቦች 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ሲል አስታወቀ።

ሥራዬ ነውና ላስላው። ሾሄይ ኦታኒ ለአሥር ዓመት የፈረመው 700 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በዓመት 70፣ በ162 ጨዋታ ሲካፈል ለአንድ ጨዋታ ወደ 432,000። የቡድኑ እርዳታ እንግዲህ የአንድ ተጨዋች የሁለት ጨዋታ ተኩል እንኳ አይሞላም። አላስፈላጊ ነው አልልም፤ የቤት ኪራይ ላጣ ቤተሰብ ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን በዚያው ከተማ፣ በዚያው በጁን 14 ቀን፣ ኤንጀል ሲቲ የሚባለው የሴቶች እግር ኳስ ክለብ ተጨዋቾቹን «የስደተኞች ከተማ እግር ኳስ ክለብ» የሚል ቲሸርት አልብሶ ሜዳ አስገብቷል፤ ለተመልካቹም በብዛት አድሏል። በ2010ም አሪዞና ፖሊስ የጠረጠረውን ሰው ወረቀት እንዲጠይቅ የሚያዝ ሕግ ባወጣች በሳምንታት ውስጥ የፊኒክስ ሰንስ የቅርጫት ኳስ ቡድን፣ ባለቤቱ ራሳቸው አስበውበት፣ «ሎስ ሰንስ» የሚል፣ ስሙን በስፓኒሽ አጠራር የጻፈ ማሊያ ለብሶ ሜይ 5 ቀን ከሳን አንቶኒዮ ጋር ተጫወተ፣ አሸነፈም። ድፍረት ገንዘብ አይጠይቅም፤ የዘገየ ድፍረት ነው ገንዘብ የሚጠይቀው።

ጋሼ ባሻ፦

ልጆቼ፣ ከእናንተ በዕድሜ ሳልበልጥ አልቀርም። አፈሳ የሚለውን ቃል ርዕሱ ላይ ሳየው ደነገጥሁ። እኛ በደርግ ጊዜ ከገበያና ከኳስ ሜዳ የምንታፈስበት ቃል ነው። የአሁኑ ከዚያ ጋር እኩል ነው አልልም፤ ፍርድ ቤት አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ጋዜጣ አለ። ጭምብል ያጠለቀ ሰው ታርጋ ከሌለው መኪና ሲወርድ ግን የሰው ሆድ የሚያውቀው ነገር አለ።

ሰርግ ላሉት ለቨርጂኒያው ወንድማችን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሰርጉ የማን ነው? ድግሱን በትኬቱና በቢራው አርባ ዓመት የደገሰው እንግዳ ተብሎ ሊቆጠር ነው? እኛም ብንሆን በየጁላይ የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን እግር ኳስ ውድድራችን ላይ የምንሰበሰበው ለኳሱ ብቻ አይደለም። ፌዴሬሽኑ ከ1984 ጀምሮ ያን ሁሉ ዓመት የኖረው በኳሱ ጥራት ነው የሚል ካለ በሳቅ እንገናኝ። ክትፎው፣ ሙዚቃው፣ የሃያ ዓመት ጓደኛን ፓርኪንግ ውስጥ አቅፎ መሳም ነው። በዚያ ላይ ወረቀቱ ያላለቀ የወንድሜ ልጅ ዘንድሮ ደውሎ «ጋሼ፣ በሩ ላይ ፖሊስ ይኖር ይሆን?» ብሎ ጠይቆኛል።

ደግሞም በ2016 ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ ክንዶቹን አጣምሮ ሲያነሳ ከሶፋችን ተነሥተን ያጨበጨብን ሰዎች እዚህ ክር ላይ አለን። ያኔ ኦሎምፒክም የፖለቲካ ምልክት አይፈቀድም የሚል ደንብ ነበረው።

ተመልካች ከቨርጂኒያ፦

ጋሼ፣ በፈይሳ ይዘውኛል፤ ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ፣ መካድ አልችልም። ልዩነት አለ ለማለት ትናንት ማታ ብዙ ሞከርኩ። ፈይሳ የከፈለው በራሱ ነው፤ አገሩ ሁለት ዓመት፣ ልጆቹም ለወራት ርቀውታል። ዘፋኟም ብትሆን የከፈለችው በራሷ ሥራ ነው፤ ሲመሽ አልቅሳ ዳግም ስታዲየሙ እንደማይቀበላት ገምታ ነበር፤ ቡድኑ ግን አልከለከልናትም ብሏል። ስለዚህ በእሷ ላይ ያለኝን ነቀፋ አነሳለሁ። በሕጉ ላይ ያለኝን አቋም ግን አላነሳም፤ ድንበር ያለ ሕግ አይሆንም። የማልቀበለው ሰው በመልኩ ወይም በአነጋገሩ እንዲቆም ነው፤ እኔም እንግሊዝኛዬ አማርኛ አማርኛ ይላል።

መዝገብ ገላጭ፦

ክቡር ተመልካች ከቨርጂኒያ፣ ያሉት ነጥብ ፍርድ ቤት ደርሷል። ጁላይ 11 ቀን 2025 የሎስ አንጀለስ የፌዴራል ዳኛ ሰውን በዘሩ፣ ስፓኒሽ በመናገሩ ወይም እንግሊዝኛን በዘዬ በመናገሩ፣ በቆመበት ቦታና በሥራው ዓይነት ብቻ ተመሥርቶ ማስቆምን አግደው ነበር። ሴፕቴምበር 8 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ፣ እግዱን አነሳው። ዋናው ክርክር ገና አላለቀም ነበር፤ መንገድ ላይ ያለው ሥራ ግን ቀጠለ። እንግዲህ በጁን በስታዲየሙ ሜዳ ላይ ውበት የነበረው ቋንቋ፣ ከስታዲየሙ ውጭ ባለው የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰው ለማስቆም ከሚቆጠሩ ምክንያቶች አንዱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የቦይል ሃይትሷ፦

መዝገብ ገላጭ፣ ስለ ከተማው ያረሙኝን ተቀብያለሁ። ኢንሱሊን ያልኳችሁ ሴትዮ በኦክቶበር ራሷ መጣች። ሰማያዊ የዶጀርስ ኮፍያ አድርጋ ነበር፤ ምን ልበላት?

ዘፌርፋክስ፦

ምንም አይበሏት፤ እኔም ያው ኮፍያ አለኝ። ዶጀርስ በ2025ም ዋንጫውን ደገመው፤ ሰፈራችን እስከ ሌሊት በጡሩንባ ተናወጠ፣ የሜክሲኮና የዶጀርስ ባንዲራ በአንድ መስኮት ሲወጣ አየሁ። ቡድኑን በፍጹም ይቅር ያለም፣ ትኬት መግዛት ያቆመም ሰው በአንድ ሕንፃ ውስጥ አለ፤ እኔ ከልጄ ጋር መሄዴን አልተውኩም፣ መጠየቋንም አልተወችም።

ስለ ፍራፍሬ ሻጯ በግል የጻፋችሁልኝ ነበራችሁ። ተመልሳለች። ጃንጥላዋ ግን ታጥፎ ጋሪው ሥር ነው ያለው፣ ከሩቅ እንዳይታይ፤ ፀሐዩን በባርኔጣ ነው የምትችለው። ማንጎ የፈለገ ደንበኛ ማዕዘኑን ዞሮ መፈለግ አለበት።